ጥቁሩን ውሃ የደፋሁበት የዲላ ጉዞዬ

ዲላ ገበያ ያልወረደ ሰው ቡሌ ውስጥ የለም፤ እሱን ልነግራችሁ አይደለም የተነሳሁት። የምነግራችሁ የልጅ ልጄ ምህረት የምትማርበትን ዩኒቨርሲቲ፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን ነው። እዚያ እናንተ አትገቡም። እኔም በክብር ተጠርቼ ሳይሆን በጥፋቴ ነው የገባሁት። ፊደል ስላልቆጠርኩ እኔ እናገራለሁ፣ ምህረት ትጽፋለች። ልቅሶዋን ቀንሳ ከጻፈች ሌላ ሰው አስነብቤ እይዛታለሁ፤ ነግሬያታለሁ።

ነገሩ በስልክ ነው የጀመረው።

"እምዬ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብስበሽ አምጪልኝ" አለችኝ።

"ያለቀ ምን ያደርግልሻል? አዲስ ልግዛልሽ።"

"አዲሱን አልፈልግም፤ የሞተውን ነው።"

"ለምንሽ?"

"ግራፊን ልሠራበት።"

እሷ ግራፊን አለችኝ፣ እኔ ግራ ገባኝ። ግን ልጅ ከለመነ ይሰጠዋል፤ ተነሳሁ።

እኛ ሰፈር የሞተ ድንጋይ ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ። እናንተው ታውቃላችሁ፣ ድንጋይ ቶሎ እንዲሞትብን አንፈቅድም። ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ በጥርስ እንነክሰዋለን፣ ሬዲዮው እያቃሰተም ቢሆን እንሰማዋለን። የሄድኩበት ቤት ሁሉ "ገና ነፍስ አለው" እያለ ከለከለኝ። ለምኜ፣ አሹፌ፣ አንዷን ምራቴን አስፈራርቼ ግማሽ ጆንያ ሞላሁ።

ሰኞ ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሳ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ጆንያዬን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ወገቡን ያዘ።

"እማማ፣ ምንድነው የጫንሽው? ድንጋይ ነው እንዴ?"

"አዎ፣ ድንጋይ ነው።"

"አትቀልጂብኝ፣ እውነቱን ንገሪኝ።"

"ድንጋይ አልኩህ። ለዚያውም የሞተ።"

ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ዲላ የባትሪ ድንጋይ የለም ያለሽ ማነው?"

"ዲላ ያለው በሕይወት ያለ ነው፤ እኔ ሬሳ ነው የምፈልገው" አልኩት። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ አጠገቤ አልቆመም።

መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ ከጣለበት የቡላ ገንፎ ነው። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ሰጠመና ሁላችንም ወረድን። ወንዶቹ ሲገፉ፣ መኪናው ሲንገጫገጭ፣ የጆንያዬ ቂጥ ተቀደደ። ድንጋዮቼ በቁልቁለቱ ተንከባለሉ! ሰው ሁሉ መግፋቱን ትቶ እንደ ቡና ለቃሚ ጎንበስ ብሎ ይለቅምልኝ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ግን ሁለቱን አንስተው ነከስ ነከስ አደረጉና በኪሳቸው ከያዟት ሬዲዮ ውስጥ ከተቷቸው። ሬዲዮዋ አወራች።

"ይኸው ይናገራል! ይህን ሞተ ብለሽ ልትቀብሪ ነበር?" አሉኝ።

"ከተናገረማ ይውሰዱት" አልኳቸው። ነጠላዬን አውልቄ ጆንያውን ቋጠርኩበት።

ዲላ ስንደርስ ጋቢዬ ጠላት ሆነብኝ። እኛ ዘንድ በዚያ ሰዓት እሳት ዳር ተጠጋግተን ነው፤ እዚያ ሰው በረዶ የመሰለ ጁስ በቁሙ ይጠጣል። የምህረት ማደሪያ እንግዳ ስለማያስገባ ያረፍኩት ነጅያ ቤት ነው። ነጅያ ጁስ ቤት አላት። ቤተሰቦቿ ለንግድ ከስልጤ አገር የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን ዲላ ተወልዳ ዲላ የወለደች ናት። ምህረት ትምህርት በሌላት ሰዓት እሷ ጋ አቮካዶ እየላጠች ትሠራለች።

ነጅያ አልጋዋን ለቃልኝ ራሷ ምንጣፍ ላይ ተኛች። ለእራት ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረበችልኝ። "ሥጋ አልሠራሁም፤ እርስዎ የእኛን እርድ ስለማይበሉ እንዳይሳቀቁ ብዬ ነው" አለችኝ። እኔ ደግሞ ከቡሌ ስነሳ 'እስላም ቤት ምን እበላለሁ' እያልኩ ዳቦ በጉያዬ ደብቄ ነበር። አፍሬ ዳቦውን አወጣሁና አብረን በላነው። ቆጮዋ ግን ስስ ነው። የእኛ እንደሚሻል ስነግራት፣ "እማማ፣ የእናንተ ቆጮ እኮ ትራስ ይሆናል" አለችኝ። በዚህ ተዋደድን።

ማክሰኞ ሥራ ሆነ። ምህረት በነጅያ ጓሮ ተቀመጠችና ድንጋዩን በጉጠት እየላጠች፣ መሃሉ ላይ ያለችውን ጥቁር ዘንግ እያወጣች ትሰጠኝ ጀመር። እኔ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በአሮጌ ሙቀጫ እወቅጣለሁ፤ ነጅያ ደንበኛ ስታጣ እየመጣች በወንፊት ትነፋለች። እስከ ክርኔ ጠቆርኩ። አንዷ ደንበኛ ጓሮውን ብቅ ብላ አይታኝ "ከሰል ይሸጣሉ እንዴ?" አለችኝ።

"ለመሆኑ ይሄ ግራፊን የምትይው ምንድነው?" ብዬ ምህረትን ጠየቅኳት።

"እርሳስ ውስጥ ያለውን ጥቁር ታውቂው የለ? እሱ ግራፋይት ነው። ይቺ ዘንግም ከሱ ናት። ውስጡ ልክ እንደ እንሰት ነው እምዬ፤ ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ የቆመ። አንዷን ቅጠል ብቻዋን ገንጥለሽ ካወጣሽ እሷ ግራፊን ትባላለች።"

"ታዲያ እንደ እንሰት በቀርከሃ አትፍቂውም?"

"በዓይን አትታይም እኮ! ፀጉርሽ ከሷ ጋር ሲተያይ ግንድ ነው። ግን ጠንካራ ናት፤ ኤሌክትሪክም እንደ ጉድ ታሳልፋለች። ሌላ አገር በውድ ማሽን ነው የሚሠሯት። እኔ በነጅያ የጁስ ማሽንና በሳሙና ውሃ ልሠራት ነው። ማሽኑ ሲያሽከረክረው ቅጠሎቹ ይላቀቃሉ፤ ሳሙናው ደግሞ ተመልሰው እንዳይጣበቁ ይለያያቸዋል።"

ነጅያ ክዳኗ የተሰበረ፣ ለሰው መጠጥ የማትሆን አሮጌ ማሽን ነበራት፤ እሷን ሰጠቻት። ማሽኗ እንዳትቃጠል ትንሽ ትፈጫለች፣ ትንሽ ታርፋለች። እኔ ምራቴን ነበር በማረፍ የማማው፤ ይቺ ትብሳለች። ሲመሽ ያ ሁሉ ዘንግ አንድ ነጭ ባልዲ ሙሉ ጥቁር አረፋ ሆነ። ምህረት ሸፈነችውና "ይጥለል፤ ማንም እንዳይነካው" አለች።

ያን ጊዜ ነው ጉዳዩን የነገረችኝ። አርብ አስተማሪዎቿ ፊት ትቀርባለች። ይሄ ጥቁር ውሃ ወረቀት ላይ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በላዩ ኤሌክትሪክ አልፎ አምፖል ማብራት አለበት። ካላበራ ጓደኞቿ ሲመረቁ እሷ እስከ ከርሞ ትጠብቃለች። ዘንግ የሚባል ደግሞ አልቋል፤ ሁሉም ባልዲው ውስጥ ገብቷል።

እንግዲህ ረቡዕ መጣ። ረቡዕን ዘልዬው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ምህረት ትምህርት ክፍሏ ሄዳ ወረቀቷን ስታሳትም ከሰዓት በፊት ደወለች። "እምዬ፣ ጠልሏል?"

"ጠልሏል። ከታች ወፍራሙ ተቀምጧል።"

"በቃ፣ ላዩን ቀስ ብለሽ ገልብጪው። የታችኛውን እንዳትነካኪው!" አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

እኔና ነጅያ ተያየን።

"እማማ፣ ይሄ ነገር ቡላ ነው" አለች ነጅያ።

"ቡላ ነው" አልኩ እኔም።

ቡላ ሲሠራ ምን እንደሚደረግ ለእናንተ አልናገርም። እንሰቱ ተፍቆ ይጨመቃል፣ ውሃው ያድራል፣ ነጩ ቡላ ከታች ይቀመጣል፣ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ይደፋል። እናቴ ያስተማረችኝ ይሄንኑ ነው፤ የነጅያም አያት ስልጤ አገር ያስተማረቻት ይሄንኑ። ሁለት እንሰት ያሳደገን ሴቶች ባልዲውን በሁለት ወገን ይዘን፣ ትንፋሻችንን ውጠን፣ ያን ጥቁር ውሃ አቮካዶው ዛፍ ሥር ደፋነው። ከታችኛው አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። የቀረውን በጨርቅ ቋጥሬ ጨምቄ ድንጋይ ጫንኩበት። ኮርተን ጁስ ጠጣን።

በአሥር ሰዓት ምህረት ባዶ ጀሪካን ይዛ ገባች።

"የታለ?"

"ይኸው፣ አልተነካካም።"

"ላዩስ?"

"ገለበጥነው።"

"የት?"

ነጅያ በአገጯ ወደ ዛፉ ጠቆመች።

ምህረት ዛፉን አየች፣ ጀሪካኑን አየች፣ እኔን አየች። "እምዬ... ገልብጪው ያልኩሽ ወደ ዕቃ ነው።"

"ወደ ዕቃ ከሆነ 'ቅጂው' አትይም?" ብዬ ጮህኩባት። ጥፋተኛ ሰው ነው የሚጮኸው።

"ቀጭኖቹ እኮ አይሰጥሙም፤ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው የሚቀሩት እነሱ ናቸው። ወፍራሙ፣ ያልተላቀቀው ነው ከታች የሚቀመጠው። ይሄ ቡላ አይደለም፤ የቡላ ግልባጭ ነው!" አለችና ባልዲው አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰችው፣ ትከሻዋ እየተነሳ እየወደቀ። ጻፊው እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ላይ ስቀልድ ኖሬ ያን ቀን አንዲት ቀልድ አልመጣልኝም። ጥቁር እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ። ነጅያ ብቻ ሞከረች፤ "እንግዲህ ይሄ ዛፍ ከዛሬ ጀምሮ አቮካዶ ሳይሆን አምፖል ነው የሚያፈራው" አለች። ማንም አልሳቀም። ኋላ ምህረት በለቅሶዋ መሃል በአፍንጫዋ ሳቀች፤ መልሳ ደግሞ አለቀሰች።

"ይሄን አተላ ጣይው" አለችኝ ጨርቄን እያሳየች። "እኔም ሁልጊዜ እጥለዋለሁ።"

"ሁልጊዜ? ይሄን ሁሉ?"

"ያልተላቀቀ ነው አልኩሽ እኮ።"

"ያልተላቀቀ እንሰት ትጥያለሽ? ደግመሽ ትፍቂዋለሽ እንጂ! እናትሽ ብትሰማሽ ምን ትላለች?"

ይህን ያልኩት ለመቆጣት ብቻ ነው፤ ለሌላ አይደለም። ምህረት ግን ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ጨርቁን ፈታችና ያን ጥቁር ጉብታ በጣቷ ነካችው። "ደግሜ ብፈጨው..." አለች ለራሷ። "ትንሽ ይወጣዋል። ትንሽ... አላውቅም።"

ሐሙስ ጠዋት ሳሙና ውሃው ተዘጋጀ፣ አተላው ገባ፣ ማሽኗን ልንነካ ስንል መብራት ጠፋ። ቡሌ መብራት ቢጠፋ ማን ይደነግጣል፤ እዚያ ግን ጁሱም፣ ሻዩም፣ ፀጉር ቆራጩም አብሮ ይቆማል። ጠበቅን፣ አልመጣም። ዛሬ ጠዋት ካልተፈጨ እስከ ነገ አይጠልልም።

ፊት ለፊት ታደለ የሚባል ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ጄኔሬተር አለ። ግን ታደለ ወንበሮቹን ወደ ነጅያ በር እያስጠጋ ተጣልተው፣ ሰላምታ ካቆሙ ብዙ ጊዜያቸው ነው። ነጅያ ሻሿን አስተካከለች፣ ማሽኗን ታቀፈች፣ መንገዱን ተሻገረች። እኔና ምህረት ባልዲውን ይዘን ተከተልን።

"ታደለ፣ ለኔ ብለህ እንዳይመስልህ፤ ለዚች ልጅ ነው" አለችው።

"እኔም ላንቺ ብዬ አላስነሳም" አለና ገመዱን ጎተተው። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ከዚያ ወንበር ሳብ አድርጎ "እማማ፣ ይቀመጡ" አለኝ፤ እንቁላል ፍርፍርም አስመጣልኝ። ሳንጠይቀው።

እስከ ምሳ ሰዓት ፈጨን። በላተኛው ሁሉ አንገቱን እያዞረ ያየናል። አንዱ አልቻለምና "ይሄ የምን ጁስ ነው?" አለኝ።

"የሬዲዮ" አልኩት። ቀልዴ ተመልሶ ነበር።

ባልዲውን ወደ ነጅያ ጓሮ መለስንና እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ውሻ ሲቀርብ በጠጠር፣ ነጅያ ስትቀርብ በምላስ አባረርኩ። ምህረት "ካንቺስ ማን ይጠብቀዋል?" ብላ ባልዲው ላይ ወረቀት ለጥፋ ሄደች። ምን እንደጻፈችበት ነጅያ አነበበችልኝ፤ "እምዬ፣ እጅሽን ሰብስቢ" ይላል።

አርብ ጠዋት ራሷ በኩባያ እየጨለፈች ቀዳችው። ከፊተኛው ያነሰ፣ የገረጣም ነው፤ ግማሽ ጠርሙስ እንኳ አልሞላም። ወረቀት ላይ ትቀባለች፣ በነጅያ ካውያ ታደርቃለች፣ ደግማ ትቀባለች። ውሃው እስኪያልቅ እንዲያ አደረገች። "ትመጫለሽ?" አለችኝ። ቁርሴን ትቼ ተነሳሁ።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው መታወቂያዬን አየና "ይሄ ፎቶ የልጅዎ ነው እንዴ?" አለኝ። "አዎ፣ እናትየዋ ስትበላሽ ልጅቷ ቀረች" አልኩት። ግቢው ሰፊ ነው፤ እኛ ዘንድ ቢሆን ግማሹ እንሰት ይተከልበት ነበር። ክፍሉ ግን እንደ ማንኛውም ክፍል ነው። አግዳሚ ወንበር፣ ሰሌዳ፣ ሦስት አስተማሪዎች። አንዱ መነጽር ያደረጉ ትልቅ ሰው ናቸው። ከኋላ ጥግ ተቀመጥኩ።

ምህረት አወራች፤ ምን እንዳለች አልያዝኩም። ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። ከባትሪና ከትንሽ አምፖል ጋር የተያያዙ ሁለት ሽቦዎችን ጥቁሩ ወረቀት ላይ አስነካች። ትንሿ አምፖል ምንም አላለች። ጫን አደረገቻቸው። ያን ጊዜ ጭል አለች፤ እንደ ድመት ዓይን፣ ከሩቅ ላለነው ከማይታይ ትንሽ ሻል ብላ።

"ጽሑፍሽ ላይ ከዚህ አድምቆ ያበራል ብለሻል" አሉ ባለመነጽሩ። "ለምን ደከመ? የተገኘው ፈሳሽስ ለምን እንዲህ አነሰ?"

ምህረት መሬት መሬት አየች። "ፈሰሰብኝ፣ ጋሼ።"

ወደ ኋላ ዞራ አላየችኝም። ቢሆንም ጉልበቴ ብቻውን ተነሳ።

"አልፈሰሰባትም!" አልኩ። "እኔ ነኝ የደፋሁት። አያቷ ነኝ። ላዩን ገልብጪው አለችኝ፤ ቡላ መስሎኝ ዛፍ ሥር ገለበጥኩት። የልጅቷ ጥፋት አማርኛዋ ብቻ ነው፤ የሚቀጣ ካለ እኔን ቅጡኝ።"

 ከዚያ ባለመነጽሩ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። "እስከ ዛሬ የተማሪ ችግር ከሰው መገልበጥ ነበር" አሉ፤ "ባልዲ የገለበጠ ግን ዛሬ አየሁ። ቆይ ታዲያ፣ ይሄ ያበራው ከምን መጣ?"

"ከአተላው" አልኩ። "እሷ ልትጥለው ነበር። ያልተላቀቀ አይጣልም፣ ደግመሽ ፍቂው አልኳት።"

መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ምህረት ዞሩ። "ርካሽ ዘዴ ብለሽ አርእስት ሰጥተሽ፣ ዝቃጩን ሁልጊዜ ትጥይው ነበር?"

"አዎ፣ ጋሼ" አለች ቀስ ብላ።

ሦስቱ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። ረዘመብኝ። እንደኔ እንደኔ የቡሌ መንገድ ያን ያህል አይረዝምም።

"የደገምሽው ሙከራ ጽሑፍሽ ውስጥ የለም" አሉ ባለመነጽሩ በመጨረሻ። "አተላው ሁለተኛ ተፈጭቶ ምን እንደሰጠ፣ ስንት ጊዜ ቢደገም እንደሚያዋጣ ጨምረሽ ጻፊ። ያን ስታመጪ ከጓደኞችሽ ጋር ትመረቂያለሽ። ሐሳቡ የማን እንደሆነም ይጻፍ፤ ባለቤቷ ከሥር ትፈርም።"

ምህረት ያን ጊዜ ነው ዞራ ያየችኝ። እዚህ ላይ አላለቀስኩም ብላለች፤ እናንተው ፍረዱ።

ነጭ ወረቀት አወጣችና ሁለት መስመር ጻፈችበት። እኔ መፈረም እንደማልችል ስነግራቸው ወጣቱ አስተማሪ የአሻራ ቀለም ፍለጋ መሳቢያ ይከፍት ጀመር።

"ምን ቀለም ትፈልጋለህ ልጄ?" አልኩና አውራ ጣቴን አሳየሁት። ከማክሰኞ ጀምሮ በየትኛው ሳሙና ይለቅቃል! እትፍ ብዬ አርጥቤ ከጻፈችው ሥር ጫንኩት። ጥቁር ሆኖ፣ መስመር በመስመር፣ አምሮ ወጣ።

ምህረት እንባዋም ሳይደርቅ ተንኮሏ ተነሳባት፤ ሁለቱን ሽቦዎች አንስታ የጣቴ አሻራ ላይ አስነካች። ሁሉም አምፖሏን አየ። ምንም የለም።

"አልበራሽም እምዬ" አለችኝ።

"ተይኝ" አልኳት፤ "እኔ ገና አልጠለልኩም።"